የአእምሮ ሐኪም ሪፈር ሲጻፍልን ምን እናድርግ?

ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ይመታል ብሎ ደባርቅ ወይም ዳባት ሆስፒታል የሄደ ሰው ተመርምሮ ሲያበቃ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። ብዙ ሰው «እብድ ተባልኩ» ብሎ ይደነግጣል። ወረቀቱን ቀድዶ የሚጥልም አለ።

ሪፈር ምን ማለት ነው?

ሪፈር ፍርድ አይደለም፤ ሌላ ባለሙያ ይይህ ማለት ነው። ጭንቀትና ድብርት ብዙ ጊዜ በራስ ምታት፣ በጨጓራ ሕመምና በድካም ይገለጣሉ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ነበር። ያንን ያየ ሰው ዛሬም ሌሊት ቢባንን እብደት አይደለም። የሚጥል በሽታም በብዙ ቦታ የሚታከመው በዚሁ ክፍል ነው።

ሐኪሙን ምን እንጠይቅ?

• ለምን ላኩኝ? ምን ጠረጠሩ?
• የአካል ምርመራው ተሟልቷል? የእንቅርት ዕጢ መዛባትና የደም ማነስ ጭንቀት የሚመስል ምልክት ያመጣሉ።
• ሕክምናው እዚሁ አለ ወይስ ጎንደር መሄድ አለብኝ? ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

መልሱ ካላረካን ሌላ ሐኪም ማማከር እንችላለን። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ሕክምና በታካሚው ፈቃድ እንዲሰጥና ምስጢሩ እንዲጠበቅ ደንግጓል። ባንስማማም ወረቀቱን እናስቀምጠው፤ በተለይ የጤና መድን አባል ያለ ሪፈር ቢሄድ ወጪው ላይሸፈንለት ይችላል።

ዲናችን ምን ይላል?

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ ነግረውናል። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ በሽታ የሚጥላት ሴት ወደ እርሳቸው መጥታ ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀች። እርሳቸውም ታግሳ ጀነትን እንድታገኝ ወይም ዱዓ እንዲያደርጉላት አስመረጧት። ትዕግሥትን መረጠች፤ ሲጥላት ገላዋ እንዳይገለጥ ግን ዱዓ አስደረገች። አልተነወረችም፣ አልተገደደችም። በካይሮ በ1284 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የሱልጣን ቀላዉን ሆስፒታልም ለአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነበረው።

ስለዚህ ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም። ሩቅያ የሚያደርግ ሰው ግን «መድኃኒቱን አቁም» ቢል አንስማው። ረመዷን ሲገባም መድኃኒቱን በራሳችን ከማቋረጥ ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ይዛወር እንደሆነ ሐኪሙን እንጠይቅ። ሰዓቱ የማይዛወር ከሆነ ለታመመ ሰው የተሰጠ ሩኽሷ አለ።

የማይዘገይበት ጊዜ

ሰውየው ራሱን ስለማጥፋት ካወራ፣ ሰው ለመጉዳት ከተነሣ ወይም ምግብና ውሃ እምቢ ካለ ክርክሩን ትተን በዚያው ቀን ሆስፒታል እናድርሰው። ቤት ውስጥ ማሰርና መደበቅ ሕመሙን ያብሳል። አብረነው እንሂድ፤ ብዙ ሰው ሪፈሩን የሚጥለው ብቻውን መሄድ ስለሚፈራ ነው።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።