መሪው ሰው ሲያጣ፦ የካሮልተን አዛውንቶችና ሾፌር አልባው መኪና

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘ መኪና ከጂቡቲ ጠረፍ አንሥቶ፣ ለመኪና የሚሆን መንገድ ባልተጠረገበት ምድር ወራት ተጉዞ፣ አዲስ አበባ አስገባ። ዳግማዊ ምኒልክ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፎ ነበር፤ ሆኖም ተሳፈሩበት። ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነገረው የንጉሠ ነገሥቱ የሥልጣኔ ፍቅር ማስረጃ ሆኖ ነው። ሌላም ቁም ነገር ግን አለው፦ ማሽኑን ያመጣው ሰው እዚያው ነበር፤ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ የታወቀ ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው ጉዳይ በሰሜን ቴክሳስ ተነሥቷል፤ ልዩነቱ አሁን መሪውን የሚይዝ ሰው አለመኖሩ ነው። ዌይሞ በዳላስ ሾፌር አልባ አገልግሎት በ2026 እንደሚጀምር በ2025 አስታውቋል (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ከዳላስ በስተሰሜን ለምትገኘውና ከ130 ሺህ በላይ ሕዝብ ለያዘችው ለካሮልተን ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በ1980 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተላቸው ወገኖቻችን መካከል ያኔ ወጣት የነበሩት ዛሬ ስድሳን አጋምሰዋል፤ ሰባን የተሻገሩም አሉ። በታክሲ ሥራ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ በመካከላቸው ብዙ ናቸው። በቴክሳስ በ2007 በጸደቀ ሕግ መሠረት ዕድሜው 79 የደረሰ አሽከርካሪ መንጃ ፈቃዱን ለማሳደስ በአካል ቀርቦ ዓይኑን ይመረመራል፤ ከ85 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ፈቃዱ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። ካሮልተን ከ2010 ጀምሮ የዳርት አረንጓዴ መስመር፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ወደ አየር ማረፊያው የሚያደርሰው ሲልቨር ላይን ባቡር አላት። ነገር ግን ከቤት እስከ ጣቢያ ያለው መንገድ ራሱ መኪና ይጠይቃል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ያጣ አዛውንት የሚቀርበት መንዳት ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ቤት፣ ቤተ እምነት፣ እድርና ለቅሶ ጭምር ነው።

የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በ2025 ይፋ ባደረገው ጥናት ከመቶ አሽከርካሪዎች 13ቱ ብቻ በሾፌር አልባ መኪና መሳፈርን እንደሚያምኑ ተናግረዋል፤ ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ፈርተዋል። የተጠየቁት ግን አሽከርካሪዎች ናቸው። በልጆቻቸው አማካይነት መጥተው አንድም ቀን መሪ ያልጨበጡ እናቶች በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። እነርሱ ለማሽን የሚያስረክቡት መሪ የላቸውም፤ የሚያጡት የሚነዳላቸውን ሰው፣ በር ከፍቶ እጃቸውን ይዞ የሚያወርዳቸውን ልጅ ነው። ስለሆነም ስለ «ፈቃደኝነት» ስንነጋገር የባለመንጃ ፈቃዱን ሥጋትና የተሳፋሪዋን ሥጋት መለየት ይገባናል።

በአካባቢው የተደረጉት ሙከራዎች ይህን ያጠናክራሉ። በ2018 ከካሮልተን በስተሰሜን በፍሪስኮ የተጀመረው የድራይቭ ኤአይ አገልግሎት የቢሮ ሕንፃዎችን ከገበያና ከመዝናኛ ስፍራዎች ጋር ያገናኝ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት አበቃ። አዛውንት ከሚኖርባቸው ቤቶች ደጃፍ ያልደረሰ አገልግሎት የአዛውንትን ፈቃደኝነት ሊለካ አይችልም። በ2021 በአርሊንግተን የተጀመረው ራፒድ ግን ተቆጣጣሪ ሠራተኛ መኪናው ውስጥ አስቀመጠ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱም የሚሆን መኪና አቀረበ። ከዚያም ቀድሞ በ2015 በኦስቲን ከተማ በጉግል መኪና ብቻውን በሕዝብ ጎዳና የተጓዘው ስቲቭ ማሃን ዓይነ ስውር ነበር። መንዳት ለማይችል ሰው ንጽጽሩ በማሽንና በራሱ እጅ መካከል አይደለም፤ በመሄድና በመቅረት መካከል ነው።

እንግዲህ ሽማግሌዎቻችንን «አትፍሩ» ብሎ ማግባባት የፖሊሲ ሥራ አይደለም። የፖሊሲ ሥራ ተጠያቂውን ማወቅ ነው። በ2017 የወጣው የቴክሳስ ሕግ ከተሞች በእነዚህ መኪኖች አሠራር ላይ የራሳቸውን ደንብ እንዳያወጡ ይከለክላል፤ በ2025 የወጣው ደግሞ ያለ ሰው ለሚሠሩ የንግድ አገልግሎቶች ፈቃድ የመስጠትን ሥልጣን ለግዛቲቱ የሞተር ተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት ሰጥቷል። አቤቱታችንን ለካሮልተን ምክር ቤት ብቻ ብናቀርብ ሥልጣን የሌለው ደጅ መጥናት ይሆናል። የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ በጥር 2027 ይከፈታል። እስከዚያ ሦስት ጥያቄዎች አዘጋጅተን መቅረብ እንችላለን፦ መተግበሪያ ለማይጠቀም ሰው በስልክ የሚጠራ አገልግሎት፤ በጉዞ መካከል ችግር ሲገጥም አማርኛን ጨምሮ በተሳፋሪው ቋንቋ የሚመልስ ሰው፤ አቅመ ደካማውን ከቤቱ ደጃፍ እስከ መኪናው የሚደግፍ ረዳት። ሦስቱም ለድርጅቶቹ ወጪ ናቸው፤ ስለዚህ በበጎ ፈቃድ ይመጣሉ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የፈቃድ ቅድመ ሁኔታ ሆነው በሕግ ሊጻፉ ይገባል።