ገመዱና ውሻው

በእኛ አገር፣ በጋይንትም በስማዳም በእስቴም፣ ውሻ የደጅ ነው። ሌሊት ጅብ ያባርራል፣ ቀን ከእረኛ ጋር ይውላል፤ እቤት ከዘለቀ ግን «ውጣ!» ይባላል። ስለዚህ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ «በውጭ አገር ኦቲዝም ያለበትን ልጅ የሚጠብቅ ውሻ አለ» ሲባል ብዙዎቻችን ሳቅን። አንዲት አባላችን ብቻ አልሳቀችም። ልጇ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አይናገርም፤ በር ክፍት ካገኘ ወደ ወንዙ ይሮጣል። ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ከምሰሶው ጋር በገመድ ታስረዋለች። ይህን የነገረችን አንገቷን ደፍታ ነው። እኛም ሳቃችንን ትተን ታሪኩን ጠየቅን፣ አነበብን። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለዓይነ ስውራን መሪ ውሾችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በ1916 በጀርመን አገር ኦልደንበርግ ከተማ ተከፈተ፤ በጦርነቱ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነበር። ኦቲዝም ያን ጊዜ በዚህ ስሙ አይታወቅም። ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ያያቸውን የ11 ልጆች ሁኔታ ጽፎ ያወጣው በ1943 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ በእናቶች ላይ ተላከከ፤ «ለልጃቸው ፍቅር የነፈጉ ናቸው» ተባለ። ሐሰት መሆኑ የታወቀው ብዙ እናቶች ካለቀሱ በኋላ ነው። እዚያ ሐኪሙ፣ እዚህ ጎረቤቱ፤ እኛም «እርግማን ነው» ስንል ኖረናል።

ለእነዚህ ልጆች ውሻ ማሠልጠን የተጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ነው። ልጁ ወገቡ ላይ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ቀበቶው ውሻው ከለበሰው ማንገቻ ጋር በገመድ ይያያዛል። ውሻውን የምትመራው እናቲቱ ናት። ልጁ ሊሮጥ ሲነሣ ውሻው ባለበት ተተክሎ ይከብድበታል፤ እሷም ትደርሳለች። ሌሊትም አጠገቡ ይተኛል።

ይህ ሲነበብ ያቺ እናት «እነሱም ያስራሉ እንዴ?» አለች። አዎ፣ ገመድ እዚያም አለ። የእነሱ ገመድ ግን ልጁን ገበያ ይዞት ይወጣል።

በአገራችን መንገዱን የከፈተችው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናት። ከአሜሪካ ተመልሳ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት የከፈተች ሴት ነበረች። ልጇን ጆጆን የሚቀበል ትምህርት ቤት ብታጣ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ መሠረተች። በ2021 አረፈች። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ከእሷ በኋላ በወላጆች ተቋቋመ፤ እሱም አዲስ አበባ ነው። ከወገዳ አዲስ አበባ ድረስ ልጅ ማመላለስ ደግሞ ለማናችንም አይሞከርም።

የሠለጠነ ውሻ ለማግኘት ብዙ ገንዘብና ከዓመት የሚበልጥ ሥልጠና ይጠይቃል። የደጃችንን ውሻ ደግሞ ያልሠለጠነ፣ ለእብድ ውሻ በሽታም ያልተከተበ ሆኖ ሳለ ከልጅ ጋር ማሰር አደጋ ነው፤ ማንም እንዳትሞክረው። እኛ የጀመርነው ሌላ ነው። እናቲቱ ውኃ ስትወርድ ሁለት ሁለት ሆነን በተራ ከልጁ ጋር እንቀመጣለን። ግቢዋንም በደቦ ማጠር ጀምረናል። በመንገዱ በኩል ያለው አልቋል፤ በወንዙ በኩል ያለው ገና ነው፤ እንጨትና ሚስማር ይጎድለናል።