መኪናዋን ማን ገፋት?

ሸርቆሌ የሄድኩት ለመኪና ማስታወቂያ ነው። የእኔ ድርሻ በምስሉ ላይ የሚነገሩትን ጥቂት ቃላት መጻፍ ነበር፤ «መንገድ የማይበግራት» የምትለዋን ሐረግ ገና አዲስ አበባ ሳለሁ ጽፌ ጨርሻለሁ። ቀዩ አፈር፣ ቀርከሃው፣ የደረቀው ወንዝ፣ ሁሉም ቀራጮቹ እንደተመኙት ሆኖ ጠበቀን።

ውድ አንባቢ፣ ዘዴው እንዲህ ነው። ካሜራው መሬት ለመሬት ይቀመጣል፤ ጠጠሩ ቋጥኝ ይመስላል። አቧራው ወርቅ እንዲመስል ፀሐይ ከመኪናዋ በስተጀርባ እስክታዘቀዝቅ ይጠበቃል። በሰከንድ በ24 ምስል የሚታየው ፊልም በ20 ከተቀረጸ ደግሞ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትጓዘው መኪና 60 የምትበር ትመስላለች።

በሦስተኛው ሙከራ መኪናዋ ወንዙ አሸዋ ውስጥ ሰመጠች። የአካባቢው ወጣቶች ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ከጎማው ሥር ቅርንጫፍ አነጠፉ፤ ገፍተውም አወጧት። ወዲያው አዘጋጁ «ከካሜራው ፊት ዞር በሉልን!» አላቸው። ዞር አሉ። ቀረጻው ቀጠለ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1917 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ሲትሮየን ፋብሪካ የኋላቸው በጎማ ሰንሰለት የሚሽከረከር 8 መኪኖችን ከአልጄሪያ አስነሥቶ አፍሪካን እንዲያቋርጡ ሲልክ፣ ፊልም ሠሪውን ሊዮን ፗሪዬን አብሮ ላከው። በ1918 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የታየው ፊልም ለተመልካቹ የጉዞ ታሪክ፣ ለፋብሪካው ግን ረጅም ማስታወቂያ ነበር።

በእኛም አገር ብሶ ታይቷል። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከ1,500 በላይ መኪኖች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። ጣሊያኖች «የብረት ፈቃድ ጉዞ» አሉት። ሉቼ የተባለው የመንግሥታቸው የፊልም ድርጅት ለወረራው ሲል ልዩ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ይሁንና ጣርማ በር ላይ ኢትዮጵያውያን መንገዱን አፍርሰው፣ ዝናቡም አጭቅይቶት፣ ያ ሁሉ ብረት ተገትሮ ቀረ። ወታደሩ መንገድ ሲጠግን፣ መኪና ሲገፋና በገመድ ሲጎትት ቆይቶ አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

እውነቱን ለመናገር ፋሺስቶቹ መግፋቱን አላፈሩበትም፤ እንዲያውም የጀግንነት ማስረጃ አደረጉት። ከካሜራው ፊት ዞር ያደረጉት ሌላ ነገር ነው፤ በሰሜኑ ግንባር ከአውሮፕላን የዘነበውን የመርዝ ጋዝ። መኪናው እንዲያልፍ መንገዱን የጠረገው እርሱ ነበርና።

የሸርቆሌ አካባቢም የራሱ ትዝታ አለው። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. አሶሳን ከጣሊያን ያስለቀቀው ጦር ከሱዳን ጠረፍ፣ ከኩርሙክ በኩል የመጣ ነው። «የቤልጂግ ጦር» ይባላል። መኮንኖቹ ቤልጂጋውያን ነበሩ፤ ተራው ወታደር ግን ኮንጎአዊ ነው። እዚህም የገፋው ሌላ፣ ስሙ የታየው ሌላ።

ማታ ዕቃ ስንጭን ከገፊዎቹ አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እኛም በቴሌቪዥን እንታያለን?» አለኝ።

«እንጃ» አልኩት። አውቅ ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ቃሌን ልቀይር ብዬ ጠየቅኩ፤ ስለ ገፊዎቹም አንድ ነገር ይነገር አልኩ። «ታዲያ መኪናውን ማን ይገዛናል?» አሉኝ። ሣቅን። ክፍያዬንም ተቀበልኩ። ማስታወቂያው 30 ሰከንድ ነው፤ አንድም እጅ አይታይበትም፤ «መንገድ የማይበግራት» የሚለው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ስለዚህ እዚያ ያላስገባሁትን እዚህ ልጻፈው፦ ሸርቆሌ ወንዝ ውስጥ መንገዱ በግሯት ነበር። ያወጧት ሰዎች ናቸው።