የሯጮች ከተማ (ዘጋቢ ፊልም)

«ታውን ኦቭ ራነርስ» ወይም የሯጮች ከተማ በብሪታንያዊው ዳይሬክተር ጄሪ ሮትዌል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ለእይታ የበቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። ታሪኩ በአርሲዋ በቆጂ ይጀምራል፤ ሃዊና አለሚ የተባሉ ሁለት ታዳጊ ሯጮችንም ለሦስት ዓመት ያህል ይከተላል። በቆጂና አካባቢዋ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አፍርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር አራቱን ወርቆች ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሁለቱ ብቻ ጠራርገው ወስደዋቸዋል። እንዲህ ባለ ሰፈር ያደገ ልጅ ሩጫን ጨዋታ ብቻ አድርጎ ማየት ይቸግረዋል።

በፊልሙ ጀማሪ ሯጮቹን በማለዳ የሚያሯሩጠው ስንታየሁ እሸቱ ነው፤ ቀድሞ የስፖርት መምህር ነበር፤ ከላይ የተጠቀሱት ዝነኞችም በልጅነታቸው በእጁ አልፈዋል።

የፊልሙ ምርጥ ክፍል ግን ውድድሩ አይደለም። ልጆቹ ተመርጠው፣ ከቤተሰብ ተለይተው ማሠልጠኛ ካምፕ ከገቡ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ናፍቆት፣ የጎደለ አቅርቦት፣ ተስፋ የተጣለበት ልጅ ጫና። ፊልሙን የሚተርከው ብሩክ የተባለ የአገሩ ልጅ ነው።