ልጁን ማን ይያዝላት?

ታሪክ ሲባል ዓድዋ፣ ማይጨው፣ የካቲት 66 ይመጣብናል። ይምጣ፣ ጥሩ ነው። ዛሬ ግን የምናወጋው ሐውልት ስላልቆመለት ታሪክ ነው። አእምሮው እንደ እኩዮቹ ያላደገ ልጅ የምታሳድግ እናት ገበያ ደርሳ መምጣት ስትፈልግ ልጁን ማን ይይዝላት ነበር? ጥያቄዋ ትንሽ ትመስላለች። ተከትለናት ብንሄድ ግን ከካዛንቺስ የቀበሌ ቤቶች ተነስታ ነጋሪት ጋዜጣ ድረስ ትወስደናለች።

እስቲ ከሠፈሩ እንጀምር። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያን ነው። ወራሪው ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበረው። «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ቤቶቹም ስሙም ለእኛ ቀሩ። ክፍለ ከተማው ደግሞ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሰየመ። ቂርቆስ ማነው? የሦስት ዓመት ሕፃን! በሥዕሉ ላይ እናቱ ኢየሉጣ አብራው አለች፤ መከራውንም የተቀበሉት አብረው ነው። ክፍለ ከተማው ግን የልጁን ስም ይዞ የእናትየዋን ተወው። (የእናቶች ነገር መቼም እንዲሁ ነው።)

ጥፋቱ የማን ነው?

በአገራችን አፉን ያልፈታ፣ ዓይን ለዓይን የማያይ፣ ወይም መልኩ ከወንድሞቹ የተለየ ልጅ ሲወለድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ነካው?» ነው። ቀጥሎ «እሷ ምን አድርጋ ነው?» ይመጣል። ልክፍት፣ የሰው ዓይን፣ እርግማን፣ የወላጅ ኃጢአት፤ መልሱ ብዙ ነው፤ ጣቱ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ እናት ይቀሰራል።

«ይሄ የኋላ ቀርነታችን ውጤት ነው» ለማለት የቸኮላችሁ ቆዩ! እ.ኤ.አ. በ1943 ሊዮ ካነር የተባለ ሐኪም አሜሪካ ውስጥ የ11 ልጆችን ታሪክ ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተማሩት ሰዎች ምን ሲሉ ኖሩ? ልጁን እንዲህ ያደረገው የእናቱ ፍቅር መቀዝቀዝ ነው! «የፍሪጅ እናቶች» የሚል ስም ሁሉ ወጣላቸው። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አራገበው። እኛ «ኃጢአቷ ነው» አልን፤ እነሱ «ቅዝቃዜዋ ነው» አሉ። ልዩነቱ የነጭ ጋዋን ብቻ ነው።

ሐሳቡን ከተቃወሙት መካከል ግንባር ቀደሙ በርናርድ ሪምላንድ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢሆንም የኦቲዝም ልጅ አባትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ጉዳዩ የአእምሮ አፈጣጠር እንጂ የአስተዳደግ ጥፋት እንዳልሆነ ጻፈ። እንግሊዝ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1962 የኦቲዝም ማኅበር ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ይቺን ያዙልን፤ በእኛም አገር ታሪኩ በዚሁ መንገድ ነው የሄደው።

የአደራ ዘመን

ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገርም መጣ። ኪራዩ ጥቂት ብር ስለነበር የገባ አይወጣም። ወልዶ፣ ልጁም ወልዶ፣ እዚያው ነው። ጎረቤት ማለትም ሠላሳ አርባ ዓመት የሚተዋወቅ ሰው ማለት ሆነ።

ለማይናገር ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከቤት ወጥቶ ቢሄድ ባለሱቁ ያውቀዋል፣ ሊስትሮው ያውቀዋል፣ የታክሲ ረዳቱም «ይሄ የእነ እከሌ ልጅ አይደል?» ብሎ እጁን ይዞ ያመጣዋል። እናቱም ጉዳይ ሲኖራት ቡና ላይ ለተቀመጡት «አደራ!» ብላ ትሄዳለች። ደሞዝ የለም፣ ፊርማ የለም፤ ቃሉ ግን ከባድ ነው። አደራ በላ መባል በአገራችን ቀላል ስድብ አይደለምና።

ሠፈሩ ግን ገነት አልነበረም። የሚያመጣው ሰው እንዳለ ሁሉ የሚቀጽልበትም ነበር። «ጂሉ» የሚለው ስም ከክርስትና ስሙ በላይ የሚጠራ ልጅ በየመንደሩ አለ። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገባም ነበር። ይህ የድሮ ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንዱ ያህል ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ሦስት አራተኛው ያህል የመለሱት ግን አንድ ነው፤ ለልጃችን ትምህርት!

ያላገኙትን የሠሩ

በዚህ መሐል ነው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የሚመጡት። በስደት ጣሊያንና አሜሪካ ኖረው የተመለሱት ዘሚ አዲስ አበባ ላይ «ኒያና» የተባለውን የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ሴት ናቸው። የኦቲዝም ልጅ እናትም ናቸው። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን፣ በሥሩም ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ከከተሜው ስንቱ ሰምቶት ነበር? ዘሚ ግን በየቴሌቪዥኑና በየሬዲዮው እየቀረቡ «ልጄ ኦቲዝም አለበት» አሉ። ሌላው ጓዳ የሚያስገባውን እሳቸው አደባባይ አወጡት። የአማርኛን ፊደል ባሕርይ መሠረት አድርገው «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም ፈጠሩ። በ2012 ዓ.ም. አረፉ።

ብቻቸውን አልነበሩም። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ወላጆች ከዘሚ ቀደም ብለው፣ በ1980ዎቹ፣ ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመዋል። ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልን ከመሠረቱት መካከል የሆኑት ራሔል አባይነህም እናት ናቸው። የቀድሞው አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳም ዳውን ሲንድረም ባለባት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን አቋቁመዋል። ልብ አላችሁ? ወላጅ፣ ወላጅ፣ ወላጅ!

መንግሥትስ? ወረቀት አልጠፋም። ገና በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ ቁጥር 70 ተቋቁሟል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይላል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸደቀ። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን «አቅም በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ ገበያ ለምትሄደው እናት ልጅ አይዝላትም።

ሠፈሩ ሲፈርስ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰች። ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወሩ። ለብዙ ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት የነበረበትን ግቢ «ባይፈርስ ኖሮ» ብለን አናለቅስለትም። ቤት ሲፈርስ ምትክ ቤት ይሰጣል፤ አደራ ሲፈርስ ግን ምትክ የሚሰጥ ቢሮ የለም። በአዲሱ መንደር ባለሱቁ ልጁን አያውቀውም። ረዳቱ አያውቀውም። ሲጮህ የሰማ ጎረቤትም በር ይዘጋል እንጂ ስሙን አይጠራም። ሠላሳ ዓመት የፈጀ መተዋወቅ በአንድ አይሱዙ አይጫንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ታሪክ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፤ ቋሚው ሥራው ቀብር ነው። ሆኖም ኤችአይቪ ከተማችንን ሲያስጨንቅ ብዙ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ደግፈዋል። ቀድሞ ያልነበረ ሥራ ነበር፤ ተቻለ። እንግዲህ በአዲሶቹ መንደሮች የሚቋቋሙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸው ላይ አንዲት አንቀጽ ቢጨምሩ ምን ይከብዳል? በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ተራ በተራ፣ ልጁን የሚይዝ ሰው!

«እንዴት እንደሚያዝ አናውቅም» የሚል ካለ እሱም መላ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው። ልጁን በጨዋታ ማስተማር፣ ሳይናገር የሚፈልገውን መረዳት፣ ሲቆጣ ማረጋጋት፣ አሳዳጊዋም ራሷን መጠበቅ ይማሩበታል። ሥልጠናውን ለመስጠት የግድ ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም። ለአገራችን እንዲስማማ ተደርጎ አዲስ አበባ ላይ ተሞክሯል።

እኛ ወጣቶች ደግሞ «ዕድር የሽማግሌ ነገር ነው» ማለት ይቅርብን። የሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ እጃችንን አውጥተን እንጠይቅ፦ ሞተን የሚቀብረን አለ፤ በሕይወት ላለችው ጎረቤታችን ልጁን ማን ይያዝላት?

ቸር እንሰንብት!