ስክሪፕት ከመምጣቱ በፊት

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ መንገደኛ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ ደጀን ይደርሳል። ወደ ጎጃም ለሚገባ በር፣ ከጎጃም ለሚወጣ ደግሞ የበረሃው አፋፍ ናት። በ1958 ዓ.ም. በታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል ፍቅረኛዋን በዛብህን ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ስትነሣ ይህን ሸለቆ ማቋረጥ ግድ ሆኖባታል።

ዛሬ አንድ የፊልም ጸሐፊ ይህን ጉዞ ቢጽፈው «ውጪ፣ ዓባይ በረሃ፣ ቀን» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን ከባድ ነው። የልብ ወለዱ ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሣ በልቡ የሚያብሰለስለውን ካሜራ አያየውም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ሐሳቡን ወደ ድርጊትና ወደ ንግግር መለወጥ አለበት።

ይህ ሐሳብን በድርጊትና በንግግር የመግለጥ ሙያ በአገራችን ከፊልም ይቀድማል። ሐዲስ ዓለማየሁም ሆኑ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም ቅኔ ቤት የወጡ ሰዎች ናቸው። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ «አፋጀሽኝ»ን የመሰሉ ተውኔቶችን ለመድረክ አበርክተዋል፤ ሐዲስም ልብ ወለዳቸው ከመታተሙ አስቀድሞ ተውኔት ሞክረዋል። በጥቂት ስንኝ ሰምና ወርቅ መቋጠር የለመደ ብዕር ለገጸ ባሕርይ ንግግር ምን ያህል እንደሚመች መድረኩ መስክሯል።

ፊልሙና ቴሌቪዥኑ ዘግይተው በአንድ ሰሞን መጡ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ በጀመረበት በ1957 ዓ.ም. አካባቢ «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው የአማርኛ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ዳይሬክተሩ ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ፣ ፕሮዲዩሰሩ ኢላላ ኢብሳ ነበሩ። ከዚያ በኋላም የአማርኛ ፊልም ለረጅም ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነበር።

ድራማን በየቤቱ ያደረሰው ሬዲዮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ለፊታውራሪ መሸሻ የሰጠው ድምፅ ሌላ፣ ለበዛብህ የሰጠው ሌላ ነበር፤ ብዙ አድማጭ እነዚህን ሰዎች ያወቃቸው ከመጽሐፉ ይልቅ ከእርሱ አንደበት ነው።

የታሪክ አወቃቀር እንደ ሙያ ጎልቶ የወጣው በ1994 ዓ.ም. ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት «የቀን ቅኝት» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ በሬዲዮ ሲጀምር ይመስላል። ዘዴው ከሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ የተወሰደ ነው። በአንድ ክፉና በአንድ ደግ ሰው መካከል የሚዋዥቅ ሦስተኛ ሰው ይቀረጻል፤ አድማጭ ልቡን የሚሰጠው ለእርሱ ነው። ጸሐፊዎቹ አስቀድሞ በተጠና ጉዳይ ላይ ተመሥርተው ይጽፉ ነበር፤ ተከታታዩ 257 ክፍል ዘልቋል።

ቴሌቪዥኑም ተከተለ። አዳነች ወልደገብርኤል የጻፈችው «ገመና» የተሰኘ ድራማ ተመልካቹን ምሽት ጠብቆ እንዲቀመጥ አደረገው። «ሰው ለሰው» ደግሞ ከአንድ በላይ ጸሐፊዎች በጋራ የጻፉት ድራማ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን ሳምንት ከሳምንት ታሪክ ማፍለቅ ስለሚከብደው፣ የጋራ ጽሕፈት ሙያው ወደ ፊት ከሄደባቸው እርምጃዎች ዋነኛው ነው።

በፊልሙም በኩል፣ አባቱ ለመድረክ ይጽፉ የነበሩት የጎንደሩ ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ «ጤዛ»ን ይዞ ቬኒስ ፌስቲቫል ቀረበ። ፊልሙ ከዳኞች ልዩ ሽልማት ጋር የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ።