በቀዳዳ ነው ወይስ ሆድ ተከፍቶ?

ወዳጆቼ፣ በቦሌና በገርጂ ስታልፉ «ላፓራስኮፒ» የሚል የሆስፒታል ማስታወቂያ ሳታዩ አትቀሩም። ታሪኩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ካሜራ አስገብቶ በትንንሽ ቀዳዳ ማህፀን ማውጣትን እ.ኤ.አ. በ1988 የጀመረው አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪ ራይክ ነው። ካንሰር ላይ ሲደርስ ግን ብዙዎች ፈሩ፤ ዕጢውን ቢበትነውስ?

አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ጀምሮ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ቶሎ የተገኘባቸው ከ2,600 በላይ ሴቶች በዕጣ ተመድበው ተሞከረ። ከአምስት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን 90 በመቶ ገደማ በሕይወት ነበሩ፤ በቀዳዳ የተሠሩት ደግሞ ቶሎ አገግመዋል። (ከአራት አንዷ ግን መሃል ላይ ሆዷ መከፈት ነበረበት፤ ይሄን ማስታወቂያው አይነግራችሁም።)

በ2018 ሌላ ጥናት ወጣ፤ ይሄኛው በማህፀን በር ካንሰር ላይ ነው። 631 ሴቶች ነበሩበት። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሠሩት 96.5 በመቶዎቹ በሽታው ሳይመለስባቸው ሲቆዩ፣ በቀዳዳ ከተሠሩት ግን 86 በመቶ ብቻ። ሐኪሞቹ ራሳቸው ደነገጡ፤ ብዙዎቹ ወደ ድሮው ቢላ ተመለሱ።

እኛ ጋ ጣጣው ቃሉ ነው። ሁለቱንም «የማህፀን ካንሰር» እንላለን፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በጣም የሚበዛው ደግሞ የበሩ ነው። ለግድግዳው የተመሰከረለትን ለበሩም ይሠራል ብሎ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። እናታችሁን ወይ እህታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ፣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «የግድግዳው ነው የበሩ?» በሉ። የባዮፕሲው ውጤት ላይ ይገኛል።